ጉርሻ ወይስ ደመወዝ?

አማርኛችን አንድ ቃል ለሁለት ነገር አውሏል። በማዕድ ዙሪያ እናት ለልጇ፣ ሙሽራው ለሙሽሪት፣ ወዳጅ ለወዳጁ ጠቅልሎ በእጁ የሚያጎርሰው እንጀራ ጉርሻ ይባላል። ተሳፋሪው ከጀልባ ሲወርድ በነጂው መዳፍ ላይ የሚያኖራት ብርም ጉርሻ ትባላለች። የመጀመሪያው ፍቅር ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። ሁለተኛው ግን ምንድን ነው? ስጦታ ነው እንዳንል ተቀባዩ ይጠብቀዋል፤ ባያገኘው ይከፋዋል፤ አንዳንዴም ያለ እሱ ጦሙን ያድራል። ደመወዝ ነው እንዳንል መጠኑን የሚወስነው የሰጪው ስሜት ነው፤ ውል የለው፣ ፊርማ የለው፣ ደረሰኝ የለው። ታዲያ ስጦታም ደመወዝም ያልሆነ፣ ግን የሁለቱንም ልብስ ደርቦ የለበሰ ይህ ነገር በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ምን ያህል ይደፋል? በዚህ ጽሑፍ ልመረምር የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

«ትክል ድንጋይ ተቀምጦ ስለ መርከብ መፈላሰፍ ምን ይሉታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የላይ አርማጭሆ ሰው ስለ በቅሎና ስለ ገደል እንጂ ስለ ማዕበል ሲያወራ አልሰማነውም። ዳሩ ግን ከትክል ድንጋይ ጎንደር ገብቶ፣ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ የወረደ ሰው ከደጋ ተነስቶ ወደብ ላይ ይቆማል። ወደብ ካለ ዋጋ አለ፤ ዋጋ ካለ ደግሞ የሚከፍል፣ የሚቀበልና በመሐል ቆሞ የሚያገለግል ሰው አለ። በዚያ ላይ ሀገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጣና ዳር ተቀምጦ ለዓለም የንግድ መርከቦች የሚሠሩ መሐንዲሶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። የደጋ ልጅ ዛሬ በማያውቀው ውቅያኖስ ላይ ደመወዝ ይቆጥራል። እንግዲህ ነገሩ የእኛም ነው ማለት ነው።

ጥያቄውን በመርከብ ላይ ለማንሳት የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከተማ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት መስተንግዶው ያላማረው ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ውልቅ ይላል። አስተናጋጁም ቢመረው ሽርጡን ፈትቶ መሄድ ይችላል። በውሃ ላይ ግን ማንም የትም አይሄድም። የብስ እስኪደርሱ ድረስ ከፋዩም፣ ተከፋዩም፣ አዛዡም በአንድ ብረት ላይ ታስረው ይጓዛሉ። መርከብ ማለት ተንሳፋፊ ኅብረተሰብ ነው፤ ከላይ መስኮት ያለው ክፍል፣ ከታች መስኮት የሌለው፤ ከላይ የሚዝናና፣ ከታች ማሽን የሚጠብቅ። በየብስ ላይ ተበትኖ የማናስተውለውን ነገር መርከብ ሰብስቦ ያሳየናል።

እስቲ ከቅርባችን እንጀምር። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። በሰሜን ዳርቻው ዐፄ ሱስንዮስ የከተመባት፣ የደብረ ሲና ማርያም ደብር ያለባት ጎርጎራ አለች፤ በደቡብ ባሕር ዳር። በሁለቱ መካከል «ጣና ነሽ» የተባለችው መርከብ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ትመላለስ ነበር። ከባሕር ዳር ተነስታ ደሴቱንና ዳርቻውን እየነካካች፣ ቁንዝላ ላይ አድራ፣ በማግሥቱ ጎርጎራ ትደርሳለች። ነጋዴውም፣ መነኩሴውም፣ ቱሪስቱም በአንድ ላይ ይሳፈሩባት ነበር። ዋጋዋ ግን ሁለት ነበር፤ ለሀገሬው ሰው አንድ፣ ለውጭ ሀገር ሰው ከዚያ ከፍ ያለ ሌላ። በግል ሞተር ጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ደግሞ የጀልባውን ኪራይ ይከፍላል፤ ለአስጎብኚ ይከፍላል፤ ገዳም ሲደርስ መግቢያ ይከፍላል፤ በመጨረሻ ሲወርድ ደግሞ ምንም ሳትናገር ሁሉን የምትናገር ዓይን ትጠብቀዋለች።

ስለ ሁለቱ ዋጋ ብዙ ሰው ያጉረመርማል። የውጭ ሰዎች «ነጭ ስለሆንን ነው» ይላሉ፤ ከእኛም «እንግዳ ማስከፈል ነውር ነው» የሚል አይጠፋም። በእኔ በኩል ሁለቱ ዋጋ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የፋሲል ግንብም ቢሆን ለሀገሬውና ለእንግዳው የተለያየ መግቢያ ነው የሚያስከፍለው። ገበሬው ግብሩን እየከፈለ ያቆየውን ቅርስ ለማየት ከሩቅ አገር ከመጣ ባለጸጋ ጋር እኩል ይክፈል ማለት እኩልነት መስሎ የሚታይ ግፍ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ያ ዋጋ የተለጠፈ ነው። ተሳፋሪው ከመግባቱ በፊት ያነበዋል፣ ያስበዋል፣ ቢፈልግ ይገባል፣ ባይፈልግ ይመለሳል። ዋጋ ከፍ ስላለ ብቻ ክፉ አይሆንም። ክፉ የሚሆነው ሲደበቅና ስሙን ሲለውጥ ነው።

ስሙን የለወጠ ዋጋ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአጎቴ ልጅ አንድ በጋ ሙሉ ከአንድ ባለጀልባ ዘንድ በረዳትነት ሠርቶ ነበር። ገመድ ይፈታል፣ ገመድ ይቋጥራል፣ ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ ይጨልፋል፣ ሽማግሌና ሕፃን ደግፎ ያሳፍራል። ደመወዙን ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «የአንተ ከእንግዳ ነው!» እንግዳ በበዛበት ሳምንት ኪሱ ሞላ፤ እንግዳ በጠፋበት ሳምንት ከእኔ ከተማሪው ተበድሮ በላ። በኋላ ሲያጫውተኝ ግን ያማረረው ረሃቡን አልነበረም። «እኔን የከበደኝ፣» አለኝ፣ «ሰው ሲመጣ ፊቱን ትቼ ኪሱን ማየት መልመዴ ነው። እናቴን የምታክል ሴትዮ እጇን ይዤ ሳሳፍር እንኳ በልቤ ስንት ትሰጠኝ ይሆን እላለሁ።»

ይህን ንግግር ደጋግሜ አሰብሁበት። ባለጀልባው ለዚህ ልጅ ደመወዝ ስላልከፈለ የወሰደበት ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ደግነቱንም ወስዶበታል። አሮጊት መደገፍ ድሮ ቤቱ በነፃ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ሒሳብ ገባበት። ሴትዮዋም ብትሆን ተሸንፋለች፤ የያዛት እጅ የልጅ እጅ ይሁን የገንዘብ ሰብሳቢ እጅ ማወቂያ የላትም።

ይህ የጣና ወግ ብቻ እንዳይመስለን። በዓለም ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ላይ ያለው ሥርዓት ቢገላለጥ ያው ነው፤ ልዩነቱ ብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ስትሞላ 7,600 ያህል ተሳፋሪ ትይዛለች፤ 2,350 ገደማ ሠራተኞች ያገለግሉባታል። የእንዲህ ዓይነት መርከቦች ትኬት በማስታወቂያ ሲታይ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ከገቡ በኋላ ግን መጠጡ በተጨማሪ ነው፤ ኢንተርኔቱ በተጨማሪ ነው፤ ወደብ ሲደረስ ጉብኝቱ በተጨማሪ ነው። ከዚያ በየቀኑ በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስም ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ «ጉርሻ» ተብሎ በሒሳቡ ላይ ይታከላል። አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለ7 ቀን ቢጓዝ፣ በቀን 16 ዶላር ብንይዝ እንኳ፣ 448 ዶላር ይሆናል። ቅር ያለው ሰው በብዙዎቹ መርከቦች ላይ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ «ሰርዙልኝ» ማለት ይችላል። ሲሰርዝ የሚጎድለው ግን ከባለመርከቡ ትርፍ አይደለም፤ አልጋውን ካነጠፈችውና ሳህኑን ካነሳው ሰው ኪስ ነው።

እነዚህ ሠራተኞች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድና ከሌሎችም እንደ እኛ ከመሰሉ አገሮች ለ6፣ ለ8፣ ለ9 ወር ተዋውለው የሚመጡ ናቸው። የኩባንያዎቹ ትልልቅ ቢሮዎች አሜሪካ ማያሚ ይሁኑ እንጂ መርከቦቹ የሚያውለበልቡት የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ አይነካቸውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሥራውን ሰዓት በቀን ከ14፣ በሳምንት ከ72 እንዳያልፍ ይገድባል። ወገኖቼ፣ ገደቡ ይህ ከሆነ ሥራው ምን ያህል እንደሆነ መገመት ነው! ለአንድ የሠለጠነ መርከበኛ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው መነሻ ደመወዝ እ.ኤ.አ. ለ2025 በወር 673 ዶላር ነበር። አስተናጋጁና ክፍል አጽጂዋ ከዚያ በላይ የሚያገኙትን ነገር ከተሳፋሪው ፊት ይለቅማሉ።

እዚህ ላይ የተቃራኒዎቼን ሐሳብ በታማኝነት ማቅረብ ይገባኛል። ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተከራከሩኝ ጓደኞቼ ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ጉርሻ የምስጋና ነፃነት ነው፤ ሰው ደስ ሲለው እንዳይሰጥ መከልከል ደረቅነት ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ጉርሻ ባይኖር ሠራተኛው ይለግማል፤ ደመወዙ ከሆነ የማይቀርበት ለምን ፈገግ ይላል? ይላሉ። ሦስተኛ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ይፈልጉታል፤ በጥሩ ቀን የሚገኘው ጉርሻ ከወር ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል፤ አንተ ማን ነህና ታስቀርባቸዋለህ? ይላሉ።

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ለእኔ ያግዘኛል። ምስጋና ነፃ የሚሆነው መቅረት ሲችል ነው። ሰጪው ባይሰጥ ተቀባዩ የሚራብ ከሆነ መስጠቱ ነፃነት መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል። ግዴታ ደግሞ የማን ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። አሠሪው ቀጥሮ፣ አዝዞ፣ ትርፉንም ወስዶ ሲያበቃ ሠራተኛውን አብላልኝ ብሎ ወደ ተሳፋሪው ሲገፋው፣ ምስጋናዬን ሰርቆ ለራሱ ዕዳ መክፈያ አደረገው ማለት ነው። ስለዚህ የምስጋናን ነፃነት የሚወድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለደመወዝ መከራከር ይኖርበታል።

ሁለተኛው ክርክር ሰውን ያዋርዳል። ሐኪሙ በጉርሻ አይሠራም፤ አስተማሪው፣ አውሮፕላን አብራሪውም እንዲሁ። የእነዚህ ሰዎች ትጋት ከሙያ ክብር ይመነጫል ብለን እናምናለን። ታዲያ ሳህን አንሺው ሲሆን ብቻ ያለ ሳንቲም ፈገግ አይልም የምንለው ለምንድን ነው? ከጃፓን የሚመለሱ ሰዎች የሚያወሩትም ይህን ያፈርሰዋል፤ በዚያ አገር ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ መስተንግዶው ግን በዓለም የተመሰገነ ነው። ደግሞስ በገንዘብ የተገዛ ፈገግታ ምን ዋጋ አለው? ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ በዋጋና በክብር መካከል ልዩነት አድርጓል፤ ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም፤ ሰው ደግሞ የክብር ወገን ነው። ጉልበት ይሸጣል፤ ሰዓትም ይሸጣል። ለጉልበትና ለሰዓት ዋጋ ማውጣት ይቻላል። የሰውን ፊት መግዛት ስንጀምር ግን ከሥራው አልፈን ወደ ባለሥራው ገብተናል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ጥሩ ቀን አለ። መጥፎው ቀን ሲመጣ ግን ማን እንደሚሸከመው እንይ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ መርከቦች በየወደቡ ቆሙ፤ ቱሪስት ከጎንደርም ከጣናም ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተከተለ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ክልላችን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ዋለ። ደመወዝ የነበረው ሠራተኛ ቢያንስ የሚከራከርበት ወረቀት ነበረው። ኑሮው በጉርሻ የቆመ ሰው ግን የሚከሰው የለው፣ የሚጠይቀው የለው። ያልመጣን እንግዳ ማን ይከሳል? ስለዚህ ጉርሻ ማለት በሌላ አባባል የንግዱን አደጋ ከባለሀብቱ ትከሻ አውርዶ በደካማው ላይ መጫን ነው። በጥሩ ቀን ትርፉ የጋራ ይመስላል፤ በክፉ ቀን ኪሳራው የአንዱ ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታሪካችን ያውቀዋል። በድሮው ሥርዓት ወታደሩ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ አልነበረውም። ተሰሪ ተብሎ በገበሬው ቤት ይመደባል፤ ገበሬው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ይታዘዝለታል። ሹሙም እንዲሁ ከሚዳኘው ሕዝብ ነበር የሚበላው፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከዚያ ኑሮ የወጣ ነው። ንጉሡ ሠራዊት አለው፣ ግን አይከፍለውም፤ የሚከፍለው ሌላ ነው። በዚያ ሥርዓት ወታደሩ ጉልበተኛ፣ ገበሬው ተጠቂ ነበር፤ በመርከቡ ላይ ተሳፋሪው ጉልበተኛ፣ ሠራተኛው ተጠቂ ነው። ቦታው ተገለባበጠ እንጂ ዘዴው አንድ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ለአገልጋዩ ያለበትን ዕዳ በመሐል ላሉ ሁለት ሰዎች ጥሎላቸው፣ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ እሱ ከሁለቱም ዓይን ይሰወራል።

የአሜሪካንም ታሪክ ብናይ ይኸው ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፑልማን ኩባንያ የመኝታ ባቡሮች ላይ ሲቀጠሩ ደመወዛቸው እጅግ ዝቅ ያለ ነበር፤ የቀረውን ከነጩ ተሳፋሪ በፈገግታ እንዲለቅሙ ተተዉ። ተሳፋሪው ስማቸውን እንኳ አይጠይቅም፤ ሁሉንም በባለቤቱ በጆርጅ ፑልማን ስም «ጆርጅ» እያለ ነበር የሚጠራቸው። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ። የታገሉትም ተጨማሪ ጉርሻ ለማግኘት አልነበረም፤ ደመወዝና የሥራ ሰዓት እንዲወሰንላቸው ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራረሙ። ሆኖም በሽታው ከሥሩ አልተነቀለም፤ እዚያው አሜሪካ ጉርሻ ለሚቀበሉ ሠራተኞች የፌዴራሉ ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ 2.13 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 53 ላይ ደመወዝ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ይዘረዝራል። ደመወዝ አይደሉም ከሚላቸው ውስጥ አንዱ ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ትልልቅ ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ 10 በመቶ ብለው የሚጨምሩት ዓይነት ማለት ነው። ሕጉ ልክ ነው፤ የደንበኛ ገንዘብ የአሠሪ ደመወዝ አይደለም። ውጤቱን ግን አስቡት። ደመወዙ ትንሽ፣ ጉርሻው ብዙ የሆነ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የስንብት ክፍያው የሚታሰበው በትንሿ ነው። ጡረታውም እንዲሁ። ሃያ ዓመት ሲጎርስ የኖረ ሰው ሲያረጅ ጉርሻው በወረቀት ላይ የለችም። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ወለሉ ግን ለዓመታት ሳይወሰን ቆየ። ወለል በሌለበት ቤት ጉርሻ ምንጣፍ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃላችን እንመለስ፤ ወደ እውነተኛው ጉርሻ። የገበታው ጉርሻ ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ ሰጪውም ተቀባዩም ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ያጎረሰኝ ሰው ከራሱ ፊት ያለውን ነው የሰጠኝ። ሁለተኛ፣ ይመለሳል፤ ያጎረሱት ያጎርሳል። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛ የሚደገመውም ነገሩ ዝምድና እንጂ ውለታ አለመሆኑን ለማሳየት ይመስለኛል። ሦስተኛ፣ ያልጎረሰ ሰው አይራብም፤ እንጀራው ፊቱ አለ። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናት፣ ስጦታ ሁሉ የመመለስ ግዴታን ይዞ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ መመለስ ያልቻለ ተቀባይ ከሰጪው በታች ይሆናል። ለጀልባ ረዳቱ ብር የሰጠው ተሳፋሪ መልሶ ከእሱ ጉርሻ ይቀበላል ወይ? አይቀበልም። እንግዲህ ስሙ ጉርሻ ይሁን እንጂ ገበታው አንድ አይደለም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ሊመር እንደሚችል ጣና ራሱ ይመሰክራል። ሐይቁን በደንገል ታንኳ ሲያቋርጡ የኖሩት፣ ታንኳውንም በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ለብዙ ዘመን ተገለሉ። ሰዉ የሠሩትን ታንኳ ይገዛቸው ነበር፤ ዋጋም ይከፍላቸው ነበር፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብን ግን ይጸየፍ ነበር። ብር ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ እንጀራ ግን አላለፈም። ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ለሰው ገንዘብ መስጠትና ሰውን ሰው ብሎ መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል። በመርከቡ ላይ 20 ዶላር ሰጥቶ የአስተናጋጁን ስም ሳያውቅ የሚወርድ ሰው ከዚያ ያልተለየ ነገር አድርጓል።

በእንፍራንዝ፣ ከጣና ብዙም ሳይርቅ፣ ኖረ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብም እዚህ ላይ ይታወሰኛል። የሐተታው ደራሲ ማን እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ሀብቱ ሒሩት የምትባለዋን አገልጋይ «ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን» ሲለው፣ እሱ አገልጋይ ሳይሆን ሚስት እንድትሆነው ፈለገ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና። ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ልብስ ገዝቶ አገልጋይ አድርጎ ሊያኖራት ይችል ነበር፤ ጉርሻውን አብዝቶ ማለት ነው። እሱ ግን ከደግነት አልፎ ቦታዋን ለወጠው። ልግስናና ፍትሕ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አርስቶትል ልግስናን ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው መጠን፣ በሚገባው ጊዜ መስጠት ነው ብሎ ያመሰግነዋል፤ ነገር ግን የሰውን ድርሻ ይዞ ከዚያው መቆንጠር ልግስና ሊባል አይችልም።

«ታዲያ ነገ ጎርጎራ ብንወርድ ጉርሻ አንስጥ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! ዛሬ ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ልጅ ዛሬ መከልከል በፍልስፍና ስም መቀጣጫ ማድረግ ነው። መርሕ ስላለኝ የሰው እራት አልነጥቅም። ስጡ፤ ግን ስትሰጡ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ስሙን ጠይቁት። ቀጥሎ ባለጀልባውን፣ ረዳቱ በወር ስንት እንደሚከፈለው ጠይቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሠራተኛው ክብር ነው፤ ሁለተኛው የተሰወረውን ሰው ወደ ብርሃን ያወጣዋል። ተሳፋሪ ሁሉ ይህን ቢጠይቅ «የአንተ ከእንግዳ ነው» የሚለው መልስ ያሳፍር ነበር።

ነገሩ ሊለወጥ እንደሚችልም ምሳሌ አለ። ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ የሽርሽር መርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በየቀኑ ይጨምር የነበረውን የጉርሻ ሒሳብ አስቀርቶ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አካተተው። መርከቦቹ አልሰጠሙም። ትኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል፤ ከላይ እንዳልሁት ግን የተለጠፈ ዋጋ ክፉ አይደለም። ተሳፋሪው የሚከፍለውን ያውቃል፤ ሠራተኛው የሚያገኘውን ያውቃል። ከዚያ በኋላ ልቡ የተነካ ሰው ቢሰጥ፣ ያ በእውነት ጉርሻ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናንተ ለጓደኞቼ የምጽፈው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራ ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ሪዞርትም ተሠርቶባታል። «ጣና ነሽ 2» የተባለችው አዲስ መርከብም በ2017 ዓ.ም. በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ከጅቡቲ ስትነሳ፣ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ሲያያት አይተናል። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ስለ ርዝመቷ፣ ስለ ክብደቷ፣ መንገዱን እንዴት እንደምታልፍ ስንከራከር ሰነበትን። ገመዷን የሚፈታው ልጅ ስንት ይከፈለዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ከእኛ ውስጥ ነገ ሒሳብ ሹም የሚሆን አለ፤ ሥራ አስኪያጅ የሚሆን አለ፤ የሆቴልና የጀልባ ባለቤት የሚሆንም አይጠፋም። ያን ጊዜ የደመወዝ መዝገብ ፊታችን ይዘረጋል። በዚያ መዝገብ ላይ የአንዱን ስም ጽፈን፣ ከጎኑ ያለውን ሣጥን ባዶ ትተን «ከእንግዳ ይብላ» እንላለን ወይስ ቁጥር እንጽፋለን? የሥነ ምግባር ጥያቄ ማለት ለእኔ ይህ ባዶ ሣጥን ነው።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በደስታ አነበዋለሁ። እስከዚያው የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ደመወዝ በውል ይከፈል፣ ጉርሻ ደግሞ ወደ ገበታው ይመለስ።